ከሽሮ በላይ የበረረ ጽሕፈት ቤት

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ያሉት አባቶች ብዙ አውቀው አንድ ነገር ስተዋል፤ ሰማይ ስፖንሰር እንደሚደረግ አላወቁም። አይፈረድባቸውም። በእነሱ ዘመን ገጽታ የሚገነባ ጽሕፈት ቤት አልተቋቋመም፤ የአዋሽ ሸለቆም የሚያውቃቸው በራሪዎች ጥንብ አንሳና አንበጣ ብቻ ነበሩ። የዛሬው ትውልድ ግን ዕድለኛ ነው። አንድ ቢጫ አውሮፕላን፣ አንድ የሽሮ ሆቴልና አንድ ታላቅ ጽሕፈት ቤት በቆላው ፀሐይ ሥር ተገናኝተው የፈጸሙትን ገድል በዓይኑ አይቷል። እኛም ገድሉ በቃለ ጉባኤ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ብለን ይኸው ብዕር አነሣን።

ነገሩ የሚጀምረው ከካፒቴን ቢሰጥ ነው። ቢሰጥ ከአዋሽ አርባ ብዙ በማይርቅ አንድ የጥጥ እርሻ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተባይ መድኃኒት ከአየር ሲረጭ የኖረ ፓይለት ነው። አይታረስም የተባለውን ሰማይ በትልም በትልም ያረሰ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ማለዳ ይነሣል፣ ቢጫዋን ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ያስነሣል፣ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። አንድ ቀን ግን የመድኃኒቱን ጋን ባዶ አድርጎ ሲመለስ፣ ከታች አለቃ አለመኖሩን አረጋግጦ መሪውን ወደ ሆዱ ሳበ። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰቀለች፣ በጀርባዋ ተንጋለለች፣ ሙሉ ክብ ሠርታ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። ለቁርስ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው ዳቦ ግን አልተመለሰም። ከዚያች ቀን ወዲህ ቀጥ ብሎ መብረር ለቢሰጥ እንጀራ እንጂ ደስታ መሆኑ ቀረ።

ያጠራቀመውን ይዞ ባሕር ማዶ ሄደ፤ የአየር ላይ አክሮባት በሚያስተምር ቤት ሦስት ሳምንት ሲገለባበጥ ከርሞ ምስክር ወረቀት ይዞ መጣ። አስተማሪው ሲሸኘው አንድ ምክር ሰጥቶታል፤ «ስትጀምር ሁልጊዜ ከፍ ብለህ ጀምር። ከፍ ያለ ሰው ሲሳሳት ማስተካከያ ጊዜ አለው። ዝቅ ብሎ የተሳሳተ ግን ያኔውኑ ይቀጣል።» ይህን ጥበብ መሥሪያ ቤቶቻችን ባሕር ማዶ ሳይሄዱ ከጥንትም ያውቁታል።

እሱ ሲመለስ ግን እርሻው ድሮን ገዝቶ ጠበቀው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አስጠርቶት ሳይከፋም ሳይደሰትም ነገረው፤ እስከ ጥር መጨረሻ ስፖንሰር ካገኘ ሞተሯን አሳድሶ ይከራያታል፤ ካላገኘ አውሮፕላኗ በቁራጭ ብረት ሒሳብ ሐራጅ ትወጣለች። ቢሰጥ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሃያ ሁለት ዓመት በሰላም አውርዳ ያሳረፈችው አውሮፕላን ተቆራርጣ የሰው ዶሮ ቤት ክዳን ስትሆን ታየችው። ቀልድ የሌለበት ሐዘን አዘነ።

ስፖንሰር ያለ ፕሮፖዛል አይገኝም። ስለዚህ አዋሽ ከተማ ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ቤት ወዳላት ወደ ዕፀገነት ሄደ። ዕፀገነት ለሦስት ወረዳ ፕሮፖዛል ያዘጋጀች ሴት ናት። ነገሩን አስረድቷት ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ አሥራ ስምንት ገጽ አትማ፣ ጠርዛ፣ ላስቲክ አልብሳ አስረከበችው። ቢሰጥ ቆሞ አነበበ። «አውሮፕላኗ በአግባቡ ከተመገበች በስድስተኛ ወሯ እንቁላል መጣል ትጀምራለች» ይላል ገጽ አራት። ገጽ ሰባት ደግሞ፣ ለፋሲካና ለዒድ የአውሮፕላን ሥጋ ፍላጎት እንደሚጨምር በሠንጠረዥ ያሳያል።

«ዕፀገነት፣ ይኼ ስለ ዶሮ እርባታ ነው» አላት።

«ነበር» አለችው ከኮምፒውተሯ ላይ ሳትነሣ። «ዶሮ የሚለውን በሙሉ አውሮፕላን አድርጌዋለሁ። ጋሼ፣ ይኼ ፕሮፖዛል እጁ ጥሩ ነው። አምና አራት ማኅበር ገንዘብ አግኝቶበታል። አንዱ እንዲያውም ልብስ ስፌት ነበር።»

«የሞት መጣኔው ከመቶ አምስት አይበልጥም ይላል እኮ!»

«ምነው፣ በዛ?»

ቢሰጥ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ጥር ግን እየሮጠ ነበርና ከፍሎ ወጣ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ወይዘሮ ሀጂራ ነው። ሀጂራ ከወሎ መጥታ አዋሽ ላይ፣ ጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር፣ ሆቴል የከፈተች ሴት ናት። የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ሹፌሩ ምን ያህል እንደራበው የምታውቅ ናት ይሏታል። ፕሮፖዛሉን አልገለጠችውም። ዕቃ ማመላለሻ መኪናዋን አስነሥታ አዋሽ አርባ ያለው መንደርደሪያ ሜዳ ድረስ ሄደች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ከአውሮፕላኗ ሥር ገባችና ወደ ላይ አየች።

«ካፒቴን፣ ስትበር ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያየው የቱን ነው?»

«ይኸንኑ፣ ሆዷን።»

«እንግዲያው ሆዷ የኔ ነው።»

«ጀርባዋም አለ እኮ፣ ሰፊ ነው።»

«ጀርባዋን የሚያየው መላኢካ ነው» አለች ሀጂራ ከሥር እየወጣች። «መላኢካ ደግሞ ሽሮ አይበላም።»

በሳምንቱ አውሮፕላኗ ሁለት አዲስ ጎማ አደረገች፤ ከሆዷና ከክንፎቿ ሥርም ከሩቅ በሚነበብ ቀይ ፊደል «ሀጂራ ሆቴል፤ ሽሮ ፈሰስ ሁልጊዜ አለ» የሚል ተጻፈባት። ጎማ ግን ሞተር አያሳድስም። ትልቅ ስፖንሰር የሚገኘው ሰመራ ነው ተባለ። ቢሰጥም ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፕሮፖዛሉን በፌስታል ይዞ፣ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረ።

በሰመራ የገጽታ ግንባታ፣ የባለድርሻ አካላት ቅንጅትና የተዛማጅ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ስሙ ረጅም የሆነው ሥራው ብዙ ስለሆነ ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ስሙን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አልተገኘም። እኛ ለመተንፈስ ያህል ጽሕፈት ቤቱ እንለዋለን። የፕሮቶኮል ኃላፊው አቶ ትዕዛዝ፣ ውጭ ሰው በላብ ሲታጠብ፣ እሱ የአየር ማቀዝቀዣው ብርድ እንዳይመታው ኮት ደርቦ ነው የሚሠራው። ፕሮፖዛሉን ሚዛን ላይ እንዳለ ሥጋ በእጁ መዘነው። ከዚያም ገለጥ ገለጥ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ድንቅ ጥናት ነው። የክትባቱን ክፍል በተለይ ወድጄዋለሁ። የሞት መጣኔው ብቻ ወደ ሦስት ዝቅ ቢል።»

«እሞክራለሁ» አለ ቢሰጥ ከልቡ።

«የእኛ ስም የት ነው የሚቀመጠው?»

ቢሰጥ የአውሮፕላኗን ሥዕል ዘረጋ። «እዚህ ጋ፣ ከሆቴሉ ጎን ቦታ አለ።»

«ከሽሮ ጎን?»

«ካልሆነም ከኋላው፣ ወደ ጭራዋ…»

«ከሽሮ ኋላ?» አቶ ትዕዛዝ መነጽሩን አወለቀ። «ካፒቴን፣ ይህ ጽሕፈት ቤት በመዋቅር ለማን ተጠሪ እንደሆነ ያውቃሉ?»

ቢሰጥ እንደማያውቅ ተናገረ።

«ለሽሮ አይደለም» አለ አቶ ትዕዛዝ። ሥዕሉን ወደ ራሱ ሳበው። «ከሽሮው በላይ ያለው ይኼ ምንድን ነው?»

«ጀርባዋ ነው። ግን አቶ ትዕዛዝ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ጀርባዋ ላይ የተጻፈ ነገር ከመሬት አይታይም።»

«መታየት ሌላ፣ የበላይ መሆን ሌላ። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አስተዳደር አልተማረም። ጀርባው ላይ ይጻፍልን።»

ሥራ በሚያጓትቱ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ወራት የሚፈጀው ጉዳይ በአንድ ቀን አለቀ። ቢሰጥ በጥር መጨረሻ ሕዝብ ፊት ለሚደረግ የአየር ላይ ትርኢት ሦስት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተቀበለ። ደብዳቤው ላይ «ሙሉ» የሚል ቃል አየ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎም «ድጋፍ» የሚል አየ። በመካከላቸው ሌሎች ሁለት ቃላት ነበሩ፤ እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር አላነበባቸውም። ደብዳቤውን ለእርሻው ሥራ አስኪያጅ ወስዶ አሳየ። ሥራ አስኪያጁም በማኅተሙ ብዛት ተማምኖ አውሮፕላኗን እስከ ትርኢቱ ቀን ለቀቀለት። ሠዓሊው የጽሕፈት ቤቱን ስም ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀበት፤ «ተዛማጅ» ላይ ሲደርስ ቀለም አልቆበት አዲስ አበባ ተልኮ መጣ።

የልምምዱ ዕለት አቶ ትዕዛዝ አዋሽ አርባ ድረስ መጥቶ በስልኩ ቪዲዮ ቀረጸ። ቢሰጥ ከፍ ብሎ ጀመረ፤ ክብ ሠራ፣ ተንከባለለ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ከሃያ ሁለት ዓመት ቀጥታ መንገድ በኋላ ሰማዩን በሰው ፊት እንደ ልቡ አጠፈው። ሲያርፍ በደስታ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ሳመ። ቪዲዮው ግን ሰመራ ደርሶ የጽሕፈት ቤቱ ዋና ኃላፊ ፊት ሲቀርብ ደስታ አልፈጠረም። ዋና ኃላፊው ሦስት ጊዜ ደጋግመው አዩት። ሦስቱንም ጊዜ ያነበቡት ሽሮ ነበር።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ማምሻውን አቶ ትዕዛዝ ደወለ።

«ካፒቴን፣ አቅጣጫ ተቀምጧል። አውሮፕላኑ ከመነሻው እስከ ማረፊያው ተገልብጦ እንዲበር ተወስኗል። ያኔ ጀርባው ወደ ሕዝቡ ይዞራል።»

«አቶ ትዕዛዝ፣ ተገልብጣ ከአሥር ሰከንድ በላይ ከቆየች ሞተሯ ነዳጅ አይደርሰውም። ይጠፋል።»

«ይህ የአመለካከት ችግር ነው።»

«የሞተሩ?»

«በአጠቃላይ።»

«ማረፉስ? ተገልብጬ ላርፍ ነው? በጭንቅላቴ?»

«ዝርዝሩ በባለሙያ ይታያል።»

«ባለሙያው እኔ ነኝ እኮ!»

«ስለዚህ ይዩታ» አለ አቶ ትዕዛዝና ዘጋው።

ቢሰጥ ከአውሮፕላኗ ክንፍ ሥር ተቀመጠ። እምቢ ቢል ስፖንሰሩ ይቀራል፣ አውሮፕላኗም ለሐራጅ ትወጣለች። እሺ ቢል ሐራጅ የሚወጣው የእሱም የእሷም ስብርባሪ ነው። እንዲህ ሆኖ ሲተክዝ የመንደርደሪያው ጠባቂ አማን መጣ። አማን ያካባቢው የአፋር ሽማግሌ ነው፤ ሥራው አውሮፕላን ሲነሣ ግመል ከሜዳው ማራቅ ነው፤ አብዛኞቹ ግመሎች የራሱ ስለሆኑ ይሰሙታል። ቢሰጥ ነገሩን አንድ በአንድ ነገረው። አማን ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«አንተ ቢሰጥ» አለ። «ጥንብ አንሳ ጀርባው ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ከየት አየሁ? አዋሽ ገደል አፋፍ ቆሜ አየሁ። እሱ ገደል ውስጥ ይበራል፣ እኔ ከላይ እቆማለሁ። ጀርባውን አየሁ። ወፏን አልገለበጥኳትም።»

ቢሰጥ ተነሥቶ የአማንን ራስ ሳመ። አዋሽ ወንዝ ከከተማዋ አጠገብ የቆረጠው ገደል ጥልቅም ሰፊም ነው፤ አውሮፕላን በውስጡ ሲያልፍ አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ቁልቁል ጀርባዋን ያያል። ወዲያው ወደ ሰመራ ደውሎ ሐሳቡን ነገረ። በማግስቱም ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ደብዳቤ «ጽሕፈት ቤታችን ባደረገው ጥልቅ ጥናትና የመስክ ምልከታ» ብሎ ጀምሮ ትርኢቱ በአዋሽ ገደል እንዲሆን አዘዘ። የአማንም የግመሎቹም ስም አልተነሣም።

የቀረው ለሀጂራ መንገር ነበር። ቢሰጥ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ገባ። የአውሮፕላኗን ሆድ ለገዛችው ሴት፣ የሆዷ ተመልካች አዞ ብቻ ሊሆን መሆኑን መንገር ቀላል አይደለም። ሀጂራ ድንች ስትልጥ አዳመጠችው።

«አፋፉ ላይ የሚቆሙት እነማን ናቸው?»

«የክብር እንግዶች። ድንኳንም ይተከላል።»

«ሕዝቡስ?»

«እሱም አፋፉ ላይ ይሆናላ። ሌላ የት ይሆናል?»

ሀጂራ ሳቀች። «ካፒቴን፣ አንተ ሰማይ ታውቃለህ እንጂ ወንበር አታውቅም። አብሽር፣ ሂድና ተኛ።» ከዚያም ወደ ጓዳ ዞራ ሦስቱ ትልልቅ ድስቶች እንዲታጠቡ አዘዘች።

የበረራ ፈቃዱ ነገር ራሱን የቻለ ሌላ ገድል ስለሆነ እናልፈዋለን። ቀኑ ደረሰ። በአፋፉ ላይ ነጭ ድንኳን ተተከለ፤ ባለ መደገፊያ ወንበሮች በየማዕረጋቸው ተደረደሩ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሕዝቡም መጣ፤ የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞች፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች፣ ተማሪዎች፣ ጊሌ የሚባለውን ጩቤ የታጠቁ የአፋር ወጣቶች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። አቶ ትዕዛዝ ሕዝቡን ሲያይ ደነገጠ። ይህ ሁሉ ሰው በአፋፉ ላይ ከቆመ ከዋና ኃላፊው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ሊሆን ነው፤ እንዲያውም ከድንኳኑ በስተግራ ትንሽ ጉብታ አለች፣ እዚያ የወጣ አንድ የሊስትሮ ሠራተኛ ከዋና ኃላፊው በአንድ ክንድ ይበልጥ ነበር። ይህ በየትኛውም ደንብ አልተፈቀደም። ጥቂት ተመካክረው ሕዝቡ በፍየል መንገድ ወደ ገደሉ ሥር እንዲወርድ ተደረገ። ሕዝቡም አላጉረመረመም፤ ከታች ወንዝ አለ፣ ጥላ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሀጂራ ሦስት ድስቶች ከማለዳ ጀምረው እዚያ ተጥደው ይንተከተኩ ነበር። አዞዎቹም ያለ መጥሪያ ተገኝተው ከወዲያ ማዶ ተኙ።

ትርኢቱ ለሦስት ሰዓት ተቀጥሮ ነበር። ዋና ኃላፊው የደረሱት አምስት ሰዓት አልፎ ነው። ቢሰጥ በመንደርደሪያው ሜዳ አውሮፕላኗ ውስጥ ተቀምጦ ላቡ ወደ ጫማው ይወርዳል፤ የሚያስበው ስለ አየሩ ነው። በቆላ ከረፋድ በኋላ አየሩ እንደ ሽሮ ይንፈቀፈቃል፤ ገደል ውስጥ ደግሞ ይብሳል። አቶ ትዕዛዝ «ንግግሩ ተጀምሯል፣ ይነሡ» ብሎ ሲደውል፣ ቢሰጥ አማተበና ተነሣ።

ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ከላይ ነጩን ድንኳንና የወንበሮቹን ረድፍ አየ። ከታች ደግሞ ወንዙ ዳር ጢም ብሎ የሞላውን ሕዝብ አየ። ሀጂራ ለምን እንደሳቀች ያኔ ገባው፤ የሚስቅበት ጊዜ ግን አልነበረውም። አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ ገባ። አየሩ አንሥቶ ጣለው፣ ደግሞ አነሣው። ከአፋፉ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ባለሟሎች የጽሕፈት ቤታቸውን ስም ቁልቁል አነበቡ፤ አንብበውም እርስ በርሳቸው ተያዩና አጨበጨቡ። ከታች ደግሞ ሕዝቡ አንገቱን ቀና አድርጎ ባንድ ድምፅ «ሽሮ ፈሰስ ሁልጊዜ አለ!» ብሎ ጮኸ። አጠገቡም ሽሮው በእርግጥ ነበረ። እንዲህ ያለ ቃሉን የሚጠብቅ ማስታወቂያ በአገራችን ብዙ አልታየም።

ቢሰጥ ገደሉ ጫፍ ደርሶ ዞረና ያን ሁሉ ዓመት የጓጓለትን ነገር አደረገ። ከአፋፉ ሳይወጣ ትንሽ ከፍ አለ፣ ክንፉን አዘነበለ፣ ተገለበጠ። ምድር ከራሱ በላይ፣ ሰማይ ከእግሩ በታች ሆኑ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ። ፈራ፤ ከፍርሃቱም የበለጠ ደስ አለው። ኋላ እንደተነገረው፣ በዚያች ቅጽበት ዋና ኃላፊው ድምፅ ማጉያውን ይዘው «የጽሕፈት ቤታችንን የጥረት ፍሬ እነሆ አሁን በዓይናችሁ ታያላችሁ» እያሉ ነበር። እንግዶቹ ሁሉ ቁልቁል አዩ። ያዩትም ሽሮ ነው። ከታች ያለው ሕዝብ በበኩሉ የጽሕፈት ቤቱን ስም ማንበብ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ቢሰጥ ስምንት ብሎ፣ ሞተሯ ሲያስል ሰምቶ ሲመልሳት፣ ፈጣን አንባቢ የተባሉት ተማሪዎች እንኳ «የባለድርሻ» ላይ ደርሰው ነበር። የቀረውን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አውሮፕላኗ በሰላም አረፈች። የሞት መጣኔው ዜሮ ሆነ፤ ከዕቅድ በላይ።

ምስጋናው ግን ሰመራ ላይ መሰጠት ነበረበት፤ የምስክር ወረቀቱ ማኅተም ከሰመራ አይወጣም። ስለዚህ ቢሰጥ ዘይት የነካውን ሸሚዙን ሳይቀይር በአቶ ትዕዛዝ መኪና ኋላ ተቀመጠ። መጀመሪያ ግን ለክብር እንግዶች ብቻ በተዘጋጀ ቦታ የምሳና የአስተያየት መርሐ ግብር ነበር፤ ምሳው ሃያ ደቂቃ፣ አስተያየቱ ሦስት ሰዓት ፈጀ። መኪናው ጉዞ ሲጀምር ፀሐይዋ አዘንብላለች። ቢሰጥ ከአዋሽ ጀምሮ ያፈነውን ጥያቄ ገዋኔ ሲቃረቡ አወጣው።

«አቶ ትዕዛዝ፣ ይኼ የሞተሩ እድሳት ገንዘብ መቼ ነው የሚለቀቀው? ከነገ ወዲያ ሐራጅ ነው።»

«የምን ገንዘብ?»

«ሙሉ ድጋፍ ብላችሁ ጽፋችሁልኛል።»

አቶ ትዕዛዝ ዞር ብሎ በትዕግሥት አየው። «ካፒቴን፣ ደብዳቤ ሲነበብ መሐሉም ይነበባል። ሙሉ የሞራልና የአቅጣጫ ድጋፍ ነው የሚለው። ሞራሉን አጨብጭበን ሰጥተናል። አቅጣጫውንም ተገልበጥ ብለን ሰጥተናል።»

ቢሰጥ በልቡ ደመረ፤ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ስምንት ሰከንድና ሦስት ማኅተም። የዶሮ ቤት ክዳኑ እንደገና ታየው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እንባውን በዘይታም እጁ ጠረገ።

ትንሽ እንደሄዱ ግመሎች አስፋልቱን ሞልተው ስለነበር መኪናው ቆመ። የግመሎቹ ባለቤት ሽማግሌ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ መስኮቱ መጣ። ሹፌሩ መሀመድአሚን የአገሩ ልጅ ነውና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ተሳሳሙ፣ ከዚያም ሽማግሌው በአፋርኛ በረጅሙ ይናገር ጀመር። ይህ ዳጉ ነው። የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያወራል፤ ሰሚውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። ማኅተም የለውም፣ በውሸት የተያዘ ሰው ግን ሁለተኛ የሚሰማው አያገኝም። ዛሬ ዛሬ ሞባይል ስለተጨመረበት ደግሞ በመኪና አይቀደምም።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለ አቶ ትዕዛዝ፤ ሰዓቱን እያየ።

«ዜና ነው» አለ መሀመድአሚን። «ዛሬ አዋሽ ገደል ውስጥ ቢጫ አውሮፕላን በረረ ይላል። ሆዱ ላይ ሀጂራ ሆቴል የሚል አለ። ተገለበጠ፣ ተመለሰ፣ ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ሕዝቡ ከገደል ወጥቶ እንዳለ ሆቴሉ ገባ፣ መቀመጫ ጠፋ። ሴትዮዋ ከቀትሩ ስግደት፣ ከዙህር በኋላ እርሻው ድረስ ሄዳ አውሮፕላኗን ለሦስት ዓመት ተከራየች፣ ሞተሯንም አሳድሳለሁ ብላ ፈረመች። ፓይለቱን ግን ብትፈልገው አጣችው። የማይታወቁ ሰዎች በመኪና ይዘውት ሄዱ ይባላል፣ ያየ ሰው ይንገራት።»

ቢሰጥ በሩን ከፍቶ ወርዶ ነበር። ሽማግሌውን አቅፎ ትከሻው ላይ ሳመው፤ ሽማግሌው ሰውዬው ማን እንደሆነ ሹፌሩን ጠይቆ ሲነገረው፣ ስልኩን አወጣና ለሚቀጥለው ሰው «ፓይለቱ ተገኝቷል» የሚለውን ዜና ወዲያው አቀበለ። ወደ አዋሽ የሚወርድ ከባድ መኪናም ግመሎቹ እስኪያልፉ ቆሞ ነበርና ቢሰጥ እጁን እያውለበለበ ወደዚያው ሮጠ።

«የምስክር ወረቀቱስ?» ብሎ ጮኸ አቶ ትዕዛዝ።

«ከሽሮው በላይ ስቀሉት!» አለ ቢሰጥ መሰላሉን እየወጣ።

አቶ ትዕዛዝ ክብሩን ሰብሰብ አደረገና ወደ ሹፌሩ ዞረ። «እስቲ ጠይቀው፣ ስለ ጽሕፈት ቤታችንስ የተባለ ነገር የለም?»

መሀመድአሚን ጠየቀ። ሽማግሌው ግንባሩን ቋጥሮ ብዙ አሰበ፤ ዳጉ ላይ ያልሰሙትን መጨመር ነውር ነው። ከዚያ ትዝ ሲለው በአጭሩ መለሰ። ሹፌሩ ግን ሳይተረጉም ወደ መኪናው በር ዞረ።

«ምን አለ? ተናገር እንጂ።»

«አፋፉ ላይ ወንበር የያዙ ሰዎች ነበሩ ይላል» አለ መሀመድአሚን መሬት መሬት እያየ። «ከፀሐይ ተጠልለው ገደል ገደሉን እያዩ ያጨበጭቡ ነበር። የወደቀባቸው ዕቃ ሳይኖር አይቀርም፤ ያገኘ ሰው ካለ ይመልስላቸው ብሏል።»

አቶ ትዕዛዝ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። «ጽሕፈት ቤታችን በባህላዊ መገናኛ ብዙኃን ሰፊ ሽፋን አግኝቷል» ብሎ ጻፈና ሹፌሩን እንዲነዳ አዘዘው።